«የሰው ሰራሽ ስለላ ስልጠና» ብዬ ባነር አተምኩ። ኢንተለጀንስ ግን ምን ማለት ነው?

የባነሩ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ባነርና ቲሸርት አትማለሁ። የዛሬውን ጉዴን ለናንተ ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትናንት አንድ ደንበኛ በቴሌግራም ጽሑፍ ላከልኝ። በእንግሊዝኛ ነው። «ወደ አማርኛ መልሰህ ለነገ ጠዋት አድርስልኝ» አለ። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ስልጠና ነው። «አርቴፊሻል» ሰው ሰራሽ ነው፣ እሱን አውቃለሁ። ኢንተለጀንስን ስልኬ ላይ ካለው መዝገበ ቃላት ፈለግኩ። ትርጉሙ ተደርድሯል። ከሁሉም አጭሩ «ስለላ» ነበር። ቦታ ይቆጥባል ብዬ እሱን ወሰድኩ። ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር፣ በቀይ፣ ፊደሉ ክንድ የሚያህል፦ «የሰው ሰራሽ ስለላ ስልጠና ለወጣቶች»።

ጠዋት ሰውዬው መጣ። ዘረጋሁለት። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ቀስ ብሎ በሩን ዘጋና «አንተ ልጅ፣ ልታሳስረኝ ነው?» አለኝ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ስቆ ስቆ ሲያበቃ ግን ሒሳብ አልከፈለም።

ኪሳራው የኔ ነው፣ እሱን ተዉት። ያልገባኝ ሌላ ነው። አንድ ቃል እንዴት አድርጎ ብልህነትም ስለላም ይሆናል? የሌሎች ቋንቋዎችስ እንዲህ ናቸው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሸዋበር | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡16

ሃሃሃሃ! ስልጠናው መቼ ነው? ጎረቤቴን ላስመዝግብ። እሷ እንኳ ሰልጥናለች፣ ሰርተፊኬቱ ብቻ ነው የቀራት።

ጡረተኛው መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

ልጄ፣ ስህተትህ ግማሽ ስህተት ነው። አይዞህ።

ቃሉ ከላቲን ነው የመጣው። ሁለት ቃል ተጣብቆ ነው። «ኢንተር» ማለት በመካከል። «ሌገሬ» ማለት መልቀም፣ መምረጥ። ሮማውያን ይህንኑ ሌገሬን ለማንበብም ይጠቀሙበት ነበር። ፊደል ከፊደል እየለቀሙ ነው የሚያነቡት እንበል። እኛ ደግሞ ፊደል እንቆጥራለን፣ ያም ይገርማል።

እናትህ ምስር ስትለቅም አይተህ ታውቃለህ? ሰፌዱን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ብርሃን ወዳለበት ዘወር ትላለች። በጣቷ አንድ እፍኝ ወደ ጥግ ትገፋለች። ጠጠሩ ከምስሩ ጋር አንድ መልክ ነው፣ አንድ መጠን ነው። እሷ ግን ወሬዋን ሳታቋርጥ ነጥላ ትጥለዋለች። አንተ ብትቀመጥበት ማታ ጥርስህን ትሰብራለህ። እንግዲህ የላቲኑ «ኢንተለጀንስ» ይኸው ነው። ከሚመሳሰሉት መሃል ለይቶ ማንሳት።

ስለላው የመጣው በኋላ ነው። እንግሊዞች ቃሉን ሲወስዱት መጀመሪያ «መረዳት» ነበር። ቆይቶ በ15ኛው መቶ ዘመን የተረዱትን ነገር ራሱንም እንዲሁ አሉት። ማለትም ወሬ፣ ዜና። በ17ኛው መቶ ዘመን «ኢንተለጀንሰር» የሚባሉ ጋዜጦች ነበሩ። ዜና አቀባይ ማለት ነው። ከዚያ የጠላት ወሬ፣ የመንግሥት ወሬ እያለ ወደ ቢሮ ገባ። በ1947 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች የስለላ መሥሪያ ቤታቸውን ሲአይኤን ሲያቋቁሙ ከሦስቱ ፊደላት የመሃሏ ይህችው ቃል ነበረች። ስለዚህ ስለላ የኢንተለጀንስ የልጅ ልጅ ነው። አንተ አያትየውን ጠርተህ የልጅ ልጁ «አቤት» አለህ።

ጦሳ ስር | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ጋሼ፣ ሌገሬ እና ለቀመ! አይታይዎትም? ሁለቱም መልቀም ናቸው፣ ሁለቱም በ«ለ» ይጀምራሉ። ላቲን ከግዕዝ ነው የወሰደው! ፈረንጆች ደብቀውን ነው!

ጡረተኛው መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡41

አልደበቁህም ልጄ። «መ»ን የት አደረግካት?

የሌገሬ ዘመዶች ግሪክ አገር ናቸው። ሎጎስ የሚለው ቃል ከዚያው ሥር ነው። እኛ ከሴም ቤት ነን፣ እነሱ ከሌላ ቤት። ቃል በመልክ ተመሳሰለ ማለት ተዋለደ ማለት አይደለም። እንግሊዞች መጥፎን «ባድ» ይላሉ። ፋርሶችም መጥፎን «ባድ» ይላሉ። ትርጉሙ ያው፣ ድምፁ ያው፣ ዝምድና ግን የላቸውም። በጠጠርና በምስር መሃል ምን አልኩህ?

ደረሳው | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡02

አሰላሙ ዐለይኩም። ከኮምቦልቻ ነኝ። የምስሩን ነገር ወድጄዋለሁ ጋሼ። እኔ ደግሞ ግመል ላምጣ።

በዐረብኛ አእምሮ «ዐቅል» ይባላል። ሥሩ ማሰር ነው። ግመል ተንበርክካ ሳለ እግሯን አጥፈው በገመድ ያስሯታል፣ ተነስታ እንዳትሄድ። ገመዱ «ዒቃል» ነው። ዐረቦች ሻሻቸው ላይ የሚያደርጉት ጥቁር ቀለበትም ስሙ ይኸው ነው። ዐቅል ሰውን ያስረዋል። ወደ ጥፋት ሊሮጥ ሲል ይይዘዋል። ነቢዩ ሰ.ዐ.ወ. ግመሉን ሳያስር በአላህ ለመመካት የጠየቀውን ሰው «እሰራት፣ ከዚያ ተመካ» ያሉት በዚሁ ቃል ነው። ቁርኣን ውስጥ ደግሞ ዐቅል በስም መልክ አይገኝም። ሁልጊዜ በግስ ነው። ያላችሁ ነገር ሳይሆን የምታደርጉት ነገር ነው ማለት ነው። ኡስታዛችን ይህን ሲነግረን ጣቱን እንዲህ አጥፎ ነበር፣ እንደ ግመሏ ጉልበት።

ቃሉ በየአገሩ ዞሯል። ስዋሂሊ «አኪሊ» ይላል። ቱርክ «አክል»። ሶማሊኛ «ዐቅሊ»። እኛስ? «አቅሉን ሳተ» እንል የለ?

የዛሬው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ግን በዐረብኛ በዐቅል አልተጠራም። «ዘካእ» ነው የሚሉት። ሥሩ የእሳት መንቦግቦግ ነው። ፀሐይንም በዚሁ ሥር «ዙካእ» ይሏታል። ለማሽን የሚንቦገቦገውን ሰጡት፣ የሚያስረውን ለሰው ተዉለት። አስበውበት ይሁን አይሁን አላህ ይወቅ።

ስለላውን ደግሞ ለብቻው አስቀምጠውታል። «ሙኻበራት» ይሉታል፣ ከ«ኸበር»፣ ከወሬ። ዐረብ ሆነህ ቢሆን ኖሮ ባነሩ አይበላሽብህም ነበር ወንድሜ። አብሽር።

ጡረተኛው መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡15

ደረሳው፣ ተባረክ። አንድ ነገር ልጨምርልህ። ፈላስፎቹ ኢብን ሲናና ኢብን ሩሽድ ዐቅል ያሉትን በመካከለኛው ዘመን የላቲን ተርጓሚዎች ሲመልሱት «ኢንተሌክቱስ»፣ አንዳንዴም «ኢንተሊገንሺያ» አሉት። ገመዱና ሰፌዱ ያኔ ተገናኝተዋል። እንዲያውም በዚያ ዘመን ሰማያትን የሚያዞሩ ረቂቅ ፍጡራን ራሳቸው «ኢንተለጀንስ» ይባሉ ነበር። የባነሩ ልጅ፣ «የሰው ሰራሽ መልአክ ስልጠና» ብለህ ብታትመው የሚከራከርልህ ፈላስፋ አይጠፋም።

ሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ፣ ሌሊት 6፡30

ነርስ ነኝ። በተረኝነት ቁጭ ብዬ ነው የማነበው።

«ስለላ»ን ትተህ «መረጃ» ብትልም ችግር ነበረው። መንግሥት ራሱ መሥሪያ ቤቱን «መረጃና ደህንነት» ብሎ ነው የሰየመው። ግን ቃሏን ልብ በሏት። መረጃ የመጣው ከ«ተረዳ» ነው። «ደ» ወደ «ጀ» ዞራ ነው። ጋሼ በእንግሊዝኛ የነገሩን ነገር በአማርኛም አለ። መረዳት አለ፣ የተረዱት ነገር መረጃ ተባለ፣ ከዚያ ቢሮ ተከፈተለት።

እና ሌላም አለ። «ተረዳ» ማለት ገባው ብቻ አይደለም። ሞት ተነገረው ማለትም ነው። «እናቷን ተረዳች» ትላላችሁ። አርጂ፣ መርዶ፣ መረጃ፣ ሥራቸው «ረ» እና «ደ» ነው። እኔ ስልክ ይዞ ኮሪደር ላይ የቆመ ወንድም ሲጠይቀኝ ከመረጃና ከመርዶ የቱን እንደምሰጠው ሳስብ ጉልበቴ ይብረከረካል። አብዛኛውን ጊዜ «ሽማግሌ ጥሩ» እላለሁ። መርዶ በኮሪደር አይነገርም። ንጋት ላይ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ።

ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን አጨለምኩት። ሌሊቱ ነው።

ሸዋበር | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡12

አላጨለምሽም እህቴ። እኔ መርዶና መረጃን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ወሬ ለመናገር አፌን ስከፍት ቀረብኝ።

ጓንጁ ተመላሽ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡40

እኔ ነጋዴ ነኝ። ዕቃ ለማምጣት ቻይና ስመላለስ ዓመታት ሆኑኝ። ቋንቋቸውን በገበያ ነው የለመድኩት፣ ጽሕፈቱ ላይ ብዙም አይደለሁም።

ልጄን ይዤ ሄጄ አንዷ ባለሱቅ «ጾንግሚንግ!» አለችው። ጎበዝ ልጅ ማለቷ ነው። አስተርጓሚዬ ቃሉን ፈታልኝ። «ጾንግ» የሰላ ጆሮ። «ሚንግ» የበራ፣ የጠራ ዓይን። ብልህ ማለት የሚሰማና የሚያይ ነው። ስለ ጭንቅላት ምንም አልተባለም። ስለላን ግን እነሱም በሌላ ቃል ነው የሚጠሩት።

ከሚሴ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡25

ዓይን ካላችሁ በኦሮምኛም አለ። ብልህ ሰው «ቀሮ» ነው። የዓይን ብሌንም «ቀሮ ኢጃ» ነው። ስለት «ቀራ» ነው። የሰላም፣ የሚያይም። ቻይናና ከሚሴ እዚህ ላይ ተስማሙ።

የኔታ ደጅ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ግዕዙ ተረሳ እንዴ? ደጅ ስጠና ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አእምሮ» የራስ ቅል ውስጥ ያለ ሥጋ አይደለም። «አእመረ» ዐወቀ ነው፣ አእምሮ ማወቅ ነው። እሱም እንደ ደረሳው ዐቅል ከግስ የተነሳ ነው። «ልቦና» ከልብ ነው፣ «ለበወ» አስተዋለ። ልብ በል፣ ልብ ገዛ፣ ልባም፣ እነዚህን ሁሉ በየቀኑ እናወራቸዋለን። ለአማራ ማሰቢያው ደረት ውስጥ ነበር። ጭንቅላቱን የሰጠን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ነው መሰለኝ፣ «ጭንቅላት አለው» ማለት አያቴ አፍ ላይ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ጋሼ ወዳሉት «መካከል» ልምጣ። ዕብራይስጥ ማስተዋልን «ቢና» ይላል። ሥሩ «መካከል» ከሚለው «ቤን» ጋር አንድ ነው። ሰው ሰራሹንም በዚሁ ነው የሚጠሩት። ላቲን በመካከል መልቀም አለ፣ ዕብራይስጥ በመካከል መለየት አለ፣ ሳይመካከሩ። ግዕዝም «በየነ» አለው። ለየ፣ ፈረደ። ብያኔ ከዚያ ነው። በየነ የሚባል ሰው ሰፈራችሁ አይጠፋም፣ ስሙ ይህ ነው። «በበይናቲሆሙ» እርስ በርሳቸው፣ በመካከላቸው። «በይነ መንግሥታት»፣ «በይነመረብ» ሲባል ያቺ «በይነ» የላቲኗን «ኢንተር» ተክታ ነው የገባችው። ይህን ክር የምታነቡት በበይነመረብ ነው። እና ከኢንተለጀንስ ግማሹ አማርኛ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፣ ማንም አላስተዋለውም።

ለዓይኑ ደግሞ ጓንጁ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር ወንድሜ። የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤውን አራቱንም የዘለቀ ሊቅ ምን ይባላል? «አራት ዓይና»።

የባነሩ ልጅ፣ ለአንተ ያስቀመጥኳት የመጨረሻዋ ናት። በግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ ሰላዮች ምን ይባላሉ መሰለህ? «ሰብአ ዐይን»። የዓይን ሰዎች። ሊቁም ሰላዩም በዓይን ተጠሩ። ጥያቄህ ግዕዝ ውስጥ መልስ አለው።

ደረሳው | ረቡዕ፣ ማታ 2፡04

ወላሂ! በዐረብኛም «ዐይን» ሰላይ ማለት ይሆናል። ልብን ደግሞ እኛም ከናንተ ጋር ነን። «ሉብ» ፍሬ ነገር፣ ልብ፣ አእምሮ ነው። ቁርኣን አስተዋዮችን «ኡሉል አልባብ» ይላቸዋል፣ የልብ ባለቤቶች። አንድ ጥያቄ ግን፦ በዐረብኛ «ጠቢብ» ሐኪም ነው። በግዕዝ ጥበበኛ ነው አይደል?

የኔታ ደጅ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡11

አዎ፣ ያው ሥር ነው። አንዱ እጀ ጥበበኛውን ሐኪም አደረገው፣ አንዱ ሊቅ አደረገው።

የቀጥቃጭ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ሦስተኛ ያደረገው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ?

አያቴ ማረሻ ይሠሩ ነበር። ከደሴ ወጣ ብሎ ነው። ወናፉን እኔ ነበርኩ የምነፋው። ብረቱ ሲግል መጀመሪያ ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ብርቱካን፣ ከዚያ ወደ ነጭ ይሄዳል። አያቴ ቀለሙን አይተው «አሁን» ይላሉ። ቴርሞሜትር የለም፣ ሰዓት የለም። ትንሽ ቢቀድሙ ብረቱ አይታዘዝም። ትንሽ ቢዘገዩ ይቃጠላል፣ ይፈረፈራል። ውሃ ውስጥ ሲነክሩትም ድምፁን ይሰማሉ። ዓይንና ጆሮ ያላችሁት ነገር እሱ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ነፍቼ «አሁን»ን አንድ ቀን እንኳ ቀድሜያቸው ማለት አልቻልኩም።

ገበያ ስንወርድ የምንጠራበት ስም «ጠይብ» ነበር። በሹክሹክታ ነው የሚሉት፣ ልጅ ሸፍነው። ቡዳ ናቸው ብለው። ጠይብ ደግሞ ጠቢብ ነው። አንድ ቃል ነው። ገዳም ላለው ሊቅ ሲሆን ክብር፣ ብረት ለሚቀጠቅጠው ሲሆን ስድብ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አያቴ አዋጁን ያውቁት ነበር። ገበያው ግን አልሰማም።

ማረሻውን ግን ሁሉም ገዛ።

ጡረተኛው መምህር | ረቡዕ፣ ማታ 3፡52

ያስተማርኳችሁን ዘመን ሁሉ «ጥበብ» የሚለውን ቃል ስገልጽ ይህን አንድ ቀን አልተናገርኩም። ይቅር በለኝ።

ውጤቴ 142 | ሐሙስ፣ ቀን 8፡00

ኢንተለጀንስ እኮ በአይኪው ይለካል። እኔ ኢንተርኔት ላይ ተፈትኜ 142 አምጥቻለሁ።

ሸዋበር | ሐሙስ፣ ቀን 8፡03

ከፍለህ ነው ውጤቱን ያየኸው?

ውጤቴ 142 | ሐሙስ፣ ቀን 8፡09

አዎ፣ ትንሽ ነገር። ለምን?

ሸዋበር | ሐሙስ፣ ቀን 8፡10

ምንም።

ጡረተኛው መምህር | ሐሙስ፣ ቀን 9፡30

ተዉት ልጁን። ፈረንሳዊው ቢኔ ከሲሞን ጋር በ1905 እ.ኤ.አ. ያንን ፈተና ሲያዘጋጅ ፈልጎ የነበረው ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ነው። ጎበዙን ለማወደስ አልነበረም። በቁጥር አካፍሎ አይኪው ያለው ጀርመናዊው ሽተርን ነው፣ በ1912።

በኛ ቋንቋ ግን አንድ ቁጥር ብዙም አያስኬድም። ብልህ አለ፣ ብልጥ አለ፣ ጮሌ አለ፣ አራዳ አለ። «ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል» ስንል እያደነቅን ነው እያማን? ሁለቱንም። ብልህ ግን እንዲህ አይባልም። ሁለቱን የምትለየው አንዲት ፊደል ናት፣ ሥነ ምግባሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው የተጫነው። ለ142ቱ የትኛው እንደሆነ ፈተናው አልነገረህም።

ሌሊት ተረኛ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡15

እና ልጁ ባነሩ ላይ ምን ይጻፍ? ቴሌቪዥን «ሰው ሰራሽ አስተውሎት» ይላል።

የኔታ ደጅ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡40

አስተውሎት ለሰው ነው። ማሽን ያሰላል እንጂ አያስተውልም። እኔ ብሆን «ሰው ሰራሽ ብልሃት» እል ነበር። ብልሃት ዘዴ ነው፣ ለዕቃም ይሆናል።

የቀጥቃጭ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡48

እንደዛማ ከሆነ «ሰው ሰራሽ» የሚለውም ይታይ። የአያቴ ማረሻም ሰው ሰራሽ ነው።

ጓንጁ ተመላሽ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ራሱ ስሙን ሳይተረጉም ነው የተወው። ዝም ብለህ እንዳለ ጻፈው።

የባነሩ ልጅ | ቅዳሜ፣ ማታ 12፡45

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

ደንበኛው ትናንት መጣ። ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አሳየሁት። ቆሞ አነበበው፣ ያዘዝኩለት ሻይ ቀዘቀዘ። የነርሷ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። የአያትየው ጋ ሲደርስ ተቀመጠ። «አስተውሎት» ልበለው ስለው «በለው» አለኝ። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰና «ከሥሩ ኤአይ ብለህ ጨምርበት፣ አለዚያ ማንም አይመጣም» አለ። ጨመርኩ። የአሮጌውንም ባነር ግማሽ ሒሳብ ከፈለኝ።

አሮጌውን እናቴ ወሰደችው። ዛሬ ከሰዓት ደጃፍ ላይ በግልባጩ ዘርግታ ምስር አስጥታበታለች። ጥጉን ንፋስ ገልብጦት «ስለላ» የሚለው በቀይ ይታያል። ጎረቤታችን ስታልፍ ቆማ አነበበችውና «ምነው፣ ምስር ነው እንዴ የምትሰልዪው?» አለቻት።

እናቴ ቀና ሳትል «አዎ፣ ጠጠር ተደብቆብኝ ነው» አለች።